የገመዱ ክታብ

ለልጄ ኒካህ ስዘጋጅ ሊበላሽ የሚችለውን ነገር ሁሉ አስቀድሜ አስቤ ነበር። መብራት ቢጠፋ ብዬ ፋኖስ ተዋስኩ። ውሃ ቢቋረጥ ብዬ ዚሮቹን፣ እዚህ አገር ውሃ የሚቀዘቅዝባቸውን ትልልቅ የሸክላ ጋኖች፣ እስከ አፋቸው ሞላሁ። አቧራ ከተነሳ ድስቶቹን የምሸፍንበት ጨርቅ አጥቤ አጣጥፌ አስቀመጥኩ። ሙሽራው ከካላክላ ሲመጣ ድልድዩ ላይ መንገድ እንዳይዘጋበት ከዙህር፣ ከእኩለ ቀኑ ሶላት፣ በፊት እንዲነሳ ቃል አስገባሁት። ሪክሻ፣ ባጃጅ ማለቴ ነው፣ ስለሚነዳ "ስለ መንገድ ለኔ ይነግሩኛል?" ብሎ ሳቀ። ይሳቅ። ስለ ሁሉም አስቤያለሁ። ስለ ገመድ ግን አላሰብኩም።

ያን ጊዜ ጦርነቱ ገና አልመጣም። የምንኖረው ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር፣ በአንድ ሆሽ ውስጥ ነበር። ሆሽ ዙሪያውን ክፍሎች ያሉት የጋራ ግቢ ነው። በአንዱ ጥግ እኔና ልጄ፣ በሌላው ጥግ ጎጃሜዋ ጎረቤቴ፣ መሐል ላይ አንድ የኒም ዛፍ። ሁለታችንም ቀን ቀን ሰው ቤት እንሠራለን። እሷ ክርስቲያን እኔ እስላም ብንሆንም በመፍራት አንድ ነን፤ ልዩነታችን እኔ ዝም ብዬ መፍራቴ፣ እሷ እየተሳደበች መፍራቷ ነው።

የልጄ አባት ከእኔ ከተለያየ በኋላ ወደ ወሎ ተመልሶ ባቲ አካባቢ ገጠር ገብቷል። በእኛ ሃይማኖት ሴት ልጅ ያለ አባቷ ቃል ኒካህ አይታሰርላትም። ሩቅ ያለ አባት ሰው መወከል ይችላል፤ ኒካሁን የሚያስሩት ሼኽም "እኔን ይወክለኝና ይገላገል" ብለው ልከውበት ነበር። እሱ ግን በስልክ፣ "ማሳደጉን ለእናቷ ትቼላታለሁ። መዳሩን ለማንም አልሰጥም፤ በገዛ አፌ ነው የምድራት" አለ። ከዚያ ቃል ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ በዕለቱ የጎረቤት ስልክ ይዞ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ተረተር ይወጣል፣ እኛ እንደውልለታለን፣ እሱ ቃሉን ይሰጣል፣ ሙሽራው ይቀበላል፣ ምስክሮቹ ይሰማሉ ተባለ።

ጭንቁ መስማቱ ላይ ነበር። ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ ጆሯቸው የደከመ አዛውንት ናቸው፤ ሙሽራውን ካርቱም ከመጣ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ በሌላ ሰው መተካት ነውር ነው። ሼኹ ደግሞ አስቀድመው አስጠንቅቀውኛል። "ቃሉ ጥርት ብሎ ለሁሉም ካልተሰማ አላስርም። ግማሹ የተሰማ ቃል ግማሽ ኒካህ አይሆንም፤ ምንም አይሆንም።" እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ ይህን ግን ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ። ነገ ሲወልዱ አንድ ክፉ ሰው ተነስቶ "ለመሆኑ የዚህች ኒካህ ተሰምቷል?" ቢልስ? በዚህ ምክንያት ድምፅ ማጉያ ተከራየን።

ባለ ድምፅ ማጉያው ወሬ የማያልቅበት ሱዳናዊ ነው። "ያ ሐጃ፣ የኔ ሳጥን ሙት ይቀሰቅሳል፤ ለአንድ ጆሮው የከበደ ሽማግሌ ማሰማትማ ምን ያቅተዋል" እያለ በዋዜማው በአህያ ጋሪ አምጥቶ አራገፈውና ለሌላ ሰርግ ቸኩሎ ሄደ። ሳጥኑ ቁመቱ እስከ ደረቴ ነው። እኔ እንደ ልማዴ ሁሉን በእጄ ዳሰስኩ። ሶኬቱን ዳሰስኩ፤ ከስልክ ወደ ሳጥኑ የሚሄደውን ቀጭን ገመድ አይጥ በልቶት ይሆን ብዬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰስኩ። ስልኩ ላይ በሚሰካው ጫፍ አጠገብ እጄ አንድ ነገር ላይ ቆመ። ከተምር ፍሬ ወፈር ያለ፣ ጥቁር፣ ገመዱን አንገቱ ላይ ጥብቅ አድርጎ የያዘ እብጠት ነበር።

ልጄን ጠርቼ ምንድን ነው አልኳት።

"ዓዲ ነው ዩማ" አለች። ተራ ነገር ነው እማ ማለቷ ነው። እዚሁ ስላደገች ሁሉ ነገር ዓዲ ነው።

"ምን ይሠራል?"

"አላውቅም። ግን ዓዲ ነው። ብዙ ገመድ ላይ አለ።"

"የማታውቂውን ነገር ዓዲ አትበይ።"

ጎጃሜዋ ልብስ እያሰጣች ነበር። መጥታ ጎንበስ ብላ አየችው፣ አልነካችውም። "በስመአብ። ይሄን ማን ነው ያሰረብሽ?" አለች።

"ከነገመዱ ነው የመጣው።"

"ከነገመዱ ሲመጣ ከየት ነው የመጣው?"

ከሌላ ሰርግ ነው የመጣው። ያም ሰርግ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚያወራው፣ ሙሽራዋ ሳምንት ሳይሞላት ወደ እናቷ ቤት የተመለሰችበት ሰርግ ነው። ሁለታችንም ይህን እናውቃለን። ማናችንም ጮክ ብለን አልተናገርነውም።

በቢላ ጫፍ ጠርዙን ነካ ሳደርገው ቀጭ ብሎ እንደ ሣጥን ተከፈተ። ውስጡ ድንጋይ ነው። ሁለት ግማሽ፣ ግራጫ፣ ሙልጭ ያለ ድንጋይ። ጠጋ ብዬ አየሁ፤ ከገመዱ ጋር የሚያገናኘው አንድ ሽቦ እንኳን የለም። ገመዱ በመሐሉ ዝም ብሎ ያልፋል። ምንም ሳይሠራ አንገት ላይ ታስሮ የሚቀመጥ ነገር እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ክታብ። ልጅ ሆኜ አጎቴ ክታብ ሲሰፋ ቆዳውን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ለደግ የሚሰፋ አለ። ለክፉ የሚሰፋም አለ፤ እሱ ብዙ ጊዜ ውስጡ ድንጋይ ይገባበታል።

"ጠበል ልርጭበት" አለች ጎጃሜዋ።

"ላንቺ ይሠራ ይሆናል። ይሄ ግን ወራጅ ውሃ ነው የሚፈልገው።"

ለባለቤቱ ደወልኩ፤ አላነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ ከበስተኋላው ከበሮ እየተሰማ "ኋላ፣ ኋላ" ብሎ ዘጋው። ክፉን የሚያርቀውን የቁርአን አያ፣ አየተል ኩርሲይን፣ ቀራሁበት፣ ድንጋዩን በመሐረብ ቋጠርኩና ወደ ወንዙ በሚሄድ ሐፍላ፣ በሚኒባስ ማለቴ ነው፣ ተሳፈርኩ። ቋጠሮውን ከሰውነቴ አርቄ በሁለት ጣት ስይዘው አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። "ጥሩ ያልሆነ ነገር ነው" አልኳት። ቦታ ቀየረች። ሰማያዊው ናይል ዳር ወርጄ፣ ቢስሚላህ ብዬ፣ ክንዴ እስከሚችለው ወረወርኩት። ቡሎቅ አለ። ስመለስ ደረቴ ቀለለኝ። ሊበላሽ የሚችለውን የመጨረሻ ነገር እንኳ አስቀርቻለሁ አልኩ።

በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ሰው ተሰበሰበ። ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ፣ ሼኹ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ አዛውንቱ ምስክር ከሳጥኑ ፊት ለፊት። ልጄ ከሴቶች ጋር ከመጋረጃው ኋላ ነች። ባለ ድምፅ ማጉያው ነጭ ጀለቢያ ለብሶ መጥቶ ስልኩን ሰካና እጁን ዘረጋ፣ ተአምር አሳያችኋለሁ እንደሚል ሰው።

ደወልን። ሳጥኑ በመጀመሪያ ድርርር፣ ድድ ድድ ድርርር አለ፤ የወፍጮ ድንጋይ በጆሯችን ውስጥ የሚዞር መሰለን። ከዚያ ውስጥ የልጄ አባት ድምፅ ብቅ አለ። "አሰላሙ ዓለይኩም። እኔ አባቷ፣ ልጄን..."

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ገባ። ረጋ ያለ፣ የተማረ፣ አረብኛ የሚናገር ሰው። "መጀመሪያ ጥርሷን እዩ" አለ። "ዕድሜዋ የሚታወቀው በጥርሷ ነው።"

ሼኹ ወደ ሳጥኑ ዞሩ።

"ቆዳዋ ላይ እከክ ካያችሁ" አለ ሰውየው በትዕግሥት፣ "ከመንጋው ለይታችሁ እሰሯት። ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።"

የሙሽራው ወገኖች እርስ በርስ ተያዩ። ሼኹ "ማነው ይሄ?" አሉ።

"ራዲዮ ነው" አለ ባለ ድምፅ ማጉያው ሳጥኑን በጥፊ እየመታ። "የእንስሳት ሐኪም ነው። ስለ ግመል ነው የሚያወራው። ገመዱ ካየር ላይ ለቅሞት ነው።"

አዛውንቱ ምስክር እጃቸውን አነሱ። "እኔ ሰምቻለሁ" አሉ። "አባትየው ሐቀኛ ሰው ነው። እከኳን አልደበቀም።"

ከመጋረጃው ኋላ ልጄ "ዩማ፣ እከክ ያለበት ማነው?" አለች።

ሼኹ መጽሐፋቸውን ከደኑ። "ይህ አይሆንም። እኔ የሰማሁት አንድ አባት፣ አንድ ግመልና አንድ ሐኪም ነው። ማን ማንን ለማን እንደዳረ አላውቅም።" በድርርርታው ውስጥ የልጄ አባት "ሰማችሁኝ? የሰው ስልክ ነው፣ ባትሪው እያለቀ ነው" ይላል። ጥቂት እንዲጠብቅ ለመንኩትና ዘጋን።

ባለ ድምፅ ማጉያው ገመዱን በጣቱ እየተከተለ ጫፉ ላይ ደረሰና ቆመ። "እዚህ ያለችው የት ሄደች?"

ሴቶቹ ሁሉ እኔን አዩ። ጎጃሜዋ ሰማይ አየች።

"ናይል ውስጥ ናት" አልኩ።

"ምን ትሠራለች ናይል?"

"ጥያታለሁ። ክታብ መስላኝ።"

ሰውየው ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ "ኸላስ፣ በቃ" አለ፤ "ዓሣዎቹ ዛሬ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰማሉ።" ወንዶቹ ሳቁ። ሼኹ አልሳቁም። እኔም አልሳቅሁም።

ወሬ ስለሚወድ ባትሪው እያለቀ መሆኑን እያወቀ እንኳ ማስረዳቱን አልተወም። ፌራይት ትባላለች አለ። ገመድ ሲረዝም እንደ አንቴና ነው፣ የስልኩንም የራዲዮውንም ጩኸት ካየር ይሰበስባል። ይቺ ድንጋይ ግን እንደ ወንፊት ናት፤ የሰውን ድምፅ ታሳልፋለች፣ ያንን ቀጭን የማይታይ ጩኸት ትይዛለች። ድንጋይዋ ሽቦ የማያስፈልጋት ለዚህ ነው፣ ማቀፏ ብቻ ይበቃል።

"የተያዘውስ እብቅ የት ይሄዳል?" አልኩት።

"ድንጋይዋ ውስጥ ሙቀት ይሆንና ይጠፋል።"

"ሙቀት?" አልኩ። ይሄን ባይነግረኝ ይሻል ነበር።

"አሁን ሌላ አምጡልኝ። ኮምፒውተር ያለው ሰው የለም? የኮምፒውተር ገመድ ላይ አትጠፋም። ጫፉ ላይ ያበጠ ጥቁር ገመድ።"

ሴቶቹ ወደየክፍላቸው ሮጡ። አንዷ የስልክ ቻርጀር፣ አንዷ የካውያ ገመድ፣ አንዷ ለምን እንደሆነ አላውቅም የአህያ ልጓም አመጣች። እብጠት ያለው የለም። እኔ መሐል ግቢ ቆሜ እጄን ሳሻሽ ዓይኔ የጎጃሜዋ ልብስ ማስጫ ላይ ዐረፈ። ከግድግዳው እስከ ኒሙ ዛፍ የተወጠረ ወፍራም ጥቁር ገመድ ነው። የምትሠራበት ቤት ያረጀ የኮምፒውተር ስክሪን ሲጥሉ ገመዱ ጠንካራ ነው ብላ ያመጣችው ነው። አንሶላዎቹን ወደ ጎን ገፋሁ። በዚህ ጫፍ አንድ እብጠት። በዚያ ጫፍ አንድ እብጠት። ትናንት "ማን አሰረብሽ" ስትለኝ ሁለት ክታብ ከራሷ በላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

"በማርያም" አለች ጎጃሜዋ፣ ዓይኗን ሳትነቅል። "የውስጥ ልብሴን ሁሉ እዚህ ላይ ነው የማሰጣው።"

"ምን ሆንሽ ታዲያ?"

"ባሌ የጠፋው ይሄን ካሰርኩ በኋላ ነው።"

"ባልሽ ጥሩ ሰው አልነበረም።"

ትንሽ አሰበች። "እሱስ እውነት ነው" ብላ ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች።

ይህ ግን እንደ ትናንቱ የሚከፈት አልነበረም፤ ላስቲኩ አብሮት ቀልጦ የተጋገረ ነው። ባለ ድምፅ ማጉያው ዘነዘና ጠየቀ። የመጀመሪያውን ሲመታው ድንጋዩ እንደ ሸክላ ድቅቅ አለ። ሁሉም "አይ" አለ። ሁለተኛውን እኔ ልምታ አልኩ። ምሳር ለማያውቅ ሰው እንጨት አይሰጥም። ላስቲኩን በቢላ ዙሪያውን ቀድጄ፣ ጨርቅ ላይ አስተኝቼ፣ ዕንቁላል እንደሚሰብር ሰው አንዴ ኳ አደረግሁት። ለሁለት ተከፈለ።

"ግማሾቹ ክፍተት ሳይኖራቸው ተጣብቀው መታሰር አለባቸው" አለ ሰውየው። "ገመዱ ደግሞ ሁለት ሦስቴ በመሐሏ ቢዞር የበለጠ ትይዛለች። ማስቲሽ አለ?"

ማስቲሽ የለም። መርፌ ግን አለኝ። ገመዱን በድንጋዩ መሐል አዙሬ አዙሬ፣ ሁለቱን ግማሽ ገጥሜ፣ ከአሮጌ የልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳ ቆዳ መሳይ ቁራጭ ቆርጬ ጠቀለልኩት። ከዚያ ሰፋሁት። አጎቴ ሲያደርግ እንዳየሁት፣ ስፌቱን በጥርሴ እየሳብኩ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ እያጠፍኩ። እጄ ከዚያን ዘመን ወዲህ ይህን ሠርቶ አያውቅም፤ ግን አልረሳም።

ስጨርስ ሼኹ በላዬ ቆመዋል። ክታብ የሚባል ነገር አጥብቀው የሚጠሉ ሰው ናቸው፤ በየጁምዓው ይናገሩበታል። ገመዱ ላይ የተንጠለጠለውን አዩ። እኔንም አዩ።

"ትናንት ክታብ ነው ብለሽ ክታብ ያልሆነውን ናይል ጣልሽ" አሉ። "ዛሬ ደግሞ ክታብ ሰፍተሽ ድንጋይ ነው ትይኛለሽ።"

"ድንጋይ ነው፣ አባ። ጽሑፍ የለበትም።"

"ጽሑፍ እንደሌለበት ማን ይመሰክራል?"

ወንዶቹ ሩቅ ነበሩ። ከአጠገቤ ያልተለየች ጎጃሜዋ ብቻ ናት። ማተቧን እየነካካች "እኔ አይቻለሁ አባቴ" አለች። "ድንጋዩ የኔ ነው። የልብስ ማስጫዬ ነው።"

ሼኹ ማተቧን አዩ፣ ገመዱን አዩ፣ ወደ ፀሐይዋም አዩ። "ለኒካሁ ምስክር አትሆኚም" አሉ። "ለልብስ ማስጫሽ ግን ትሆኛለሽ። ደውሉ።"

ስንደውል እኔ ወደ ሴቶቹ አልተመለስኩም። ሙቀት ብሏልና ሳጥኑ ኋላ ቁጢጥ ብዬ ጣቴን ስፌቱ ላይ አደረግሁ።

ሳጥኑ ዝም አለ። የተበላሸ መሰለኝ። ከዚያ ነፋስ ተሰማ፤ ጥርት ያለ የተራራ ነፋስ። ፍየል ጮኸች። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ የማውቀው አጠራረግ። "አሰላሙ ዓለይኩም። እኔ አባቷ፣ ልጄን በፈቃዷና በፈቃዴ ድሬልሃለሁ።" ሼኹ ድገም አሉት። ደገመ። ሦስተኛም አስባሉት። ሙሽራው "ተቀብያለሁ" ሲል ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ያ ግን የገመዱ ጥፋት አልነበረም።

ሼኹ ወደ አዛውንቱ ዞሩ። "ምን ሰሙ?"

"ሴት ልጁን ለዚህ ልጅ ዳረ" አሉ አዛውንቱ። "ፍየልም አለች። ግመሏ ግን ሄዳለች።"

ዱዓ ተደረገ፣ እልልታው ተነሳ። በዚህ ሁሉ ስልኩን መዝጋት የሚባል ነገር ማንም አላስታወሰም። የልጄ አባትም አልዘጋውም። እልልታው ቀዝቀዝ ሲል ስልኩን ላዋሰው ሰው ሲያወራ ግቢው በሙሉ ሰማ።

"ብቻዋን ነው ያሳደገቻት" አለ። "በዚያ ሐሩር። አሁን እዚያ የሆነ ነገር እየነካካች ትሆናለች፤ አውቃታለሁ። ዝናብ ሲያጉረመርም ዶሮዎቹን አልጋችን ሥር የምታስገባ ሴት ነበረች። አንድም ዶሮ ግን አልሞተባትም፣ ወላሂ።"

ከዚያ ባትሪው አለቀ።

ሰው ሁሉ ዞሮ ሳጥኑ ኋላ ያለሁትን አየ። አዛውንቱ ምስክር ጣታቸውን አነሱ። "ይሄም ተሰምቷል" አሉ።

ባለ ድምፅ ማጉያው ሲመሽ ዕቃውን ሊጭን መጣ። ስፌቱን ልፍታልህ ስለው "ተዪው" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሐጅ ዩሱፍ ውስጥ አባቷ አገር ቤት ያለ ሙሽራ ስትኖር ሰዎች "ያቺን ክታብ ያላትን ገመድ አምጣ" እንደሚሉት ነግሮኛል። ሼኹ ሰምተው እንደሆነ አልጠየቅሁም። ጎጃሜዋ ለልብስ ማስጫ ሲባጎ ገዛች፤ ከመስቀሏ በፊት ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰችው።

የኒካሁ ፎቶ በልጄ ስልክ ላይ አለ። ሼኹ አሉ፣ ምስክሮቹ አሉ፣ ሙሽራው ላቡን ሲጠርግ ይታያል። እናት በክብር ቦታዋ የለችም። በሳጥኑ ጠርዝ በኩል የምከናነበው የቶቤ ጫፍና አንድ ገመድ የጨበጠ እጅ ብቻ ይታያል። ልጄ ፎቶውን ለሰው ባሳየች ቁጥር እጁን በጣቷ እያሰፋች "ዩማ፣ እኔ ስዳር አንቺ እዚያ ምን ትሠሪ ነበር?" ትለኛለች።

ድንጋዩ እንዳይግል እየጠበቅሁ ነበር እላታለሁ። አልጋለም።